በስልክ «ወንድሜ» ለሚሏት እህቴ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር ነው የምሠራው። ዕድሜዬ 27 ነው። ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ስለፈለግኩ አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ልፈተን ተመዝግቤያለሁ። 6.5 ማምጣት አለብኝ። ማንበቡና መጻፉ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ንግግሩ ነው።

ምክንያቱን ስነግርዎ እንዳይስቁብኝ። ድምፄ ወፍራም ነው። የወንድ ነው ይሉኛል። ተማሪ ሳለሁ ክፍል ውስጥ መልስ ስመልስ ወንዶቹ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ይቀልዱብኝ ነበር። ዛሬም ስልክ ሳነሳ ‹ወንድሜ› የማይለኝ የለም። በቀደም ከጅቡቲ ዕቃ ጭኖ የመጣ ሹፌር ደወለልኝ። ‹እሺ ወንድሜ፣ በሩ ላይ ጠብቀኝ› አለኝ። ወጥቼ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ በአጠገቤ አለፈ። ወንድሙን እየፈለገ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ እየወጣሁ እንግሊዝኛ እማራለሁ። ልምምድ ላይ አስተማሪዬ ‹ድምፅሽን ትወጂዋለሽ?› ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። ‹ኖ› አልኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣኝም። እሱም ‹ይሄ ጥያቄ ይመጣል› ብሎ የሚሸመደድ ወረቀት ሰጠኝ። ድምፄ እንደ ወፍ ዝማሬ ጣፋጭ ነው ይላል። ስትናገሪም ቀጠን አድርጊው አለኝ። ምን ይመክሩኛል? ድምፄ ነጥብ ያስቀንስብኛል? ወረቀቱንስ ልሸምድደው?

ድምፀ ጎርናናዋ፣ ከኮምቦልቻ»

እህቴ፣ እንዳልዋሽሽ፣ ሹፌሩ ጋ ስደርስ ስቄያለሁ። በሱ ነው እንጂ ባንቺ አይደለም። አንቺ እዚያው ቆመሽ፣ እሱ ወዲያና ወዲህ ሲል ታየኝ። ይህን ታሪክ ያዢው። እመለስበታለሁ።

ያስጨነቀሽን ላስቀድም። ድምፅሽ ነጥብ አያስቀንስብሽም። ንግግሩ የሚመዘነው በአራት ነገር ነው፤ አራቱም እኩል ሩብ ሩብ ይይዛሉ። ሳትደነቃቀፊ ሐሳብሽን አያይዘሽ መናገርሽ አንድ ነው። የቃላት ሀብትሽ አለ፣ ሰዋስውሽ አለ፣ አጠራርሽ አለ። በቃ። የድምፅ ውበት የሚባል አምስተኛ ነገር የለም። አጠራር ሲባልም ፈታኙ ሳይቸገር ይረዳሻል ወይ ነው ጥያቄው። የወሎ ቅላፄሽን ይዘሽ ብትገቢ ማንም አይቆጣሽም። ለንደን የተወለደ ለመምሰል የሚሞክር ተማሪ ስንቱን አይቻለሁ መሰለሽ! መጀመሪያ ላይ ያምርበታል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ደሴ ይመለሳል።

«ቀጠን አድርጊው» ያለሽ አስተማሪ እንግሊዝኛ ያውቅ ይሆናል፤ ጉሮሮ ግን አያውቅም። ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። ያን ያህል ጊዜ በሌላ ሰው ድምፅ መናገር ያደክማል። ደግሞ ሐሳብሽ ሁሉ ጉሮሮሽ ላይ ይሆናል። ቃል ፍለጋ የሚሄደው ማን ነው ታዲያ? ተይው። በራስሽ ድምፅ ተናገሪ።

«ይመጣል» ያለውንም ብዙ አትመኚው። ጥያቄ የሚያወጣው እሱ አይደለም። የፈተናው የመጀመሪያ ክፍል ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ነው። ስለ ሥራሽ ወይ ስለ መኖሪያሽ ይጠይቁሻል፤ ከዚያ ወደ ቀላል ቀላል ወሬ ይገባሉ። ስለ ጫማ ሊሆን ይችላል፣ ስለ ዝናብ ሊሆን ይችላል። ድምፅም ከነዚያ አንዱ ነው። ቢመጣም ባይመጣም ግን መለማመጃ ይሁንሽ፤ ራስን ማውራት የሚያስለምድ ርዕስ ነው። እኛ ደግሞ ራሳችንን ማውራት ላይ ሰነፎች ነን። «እኔ ስለ ራሴ ምን እላለሁ፣ ሰው ይናገር» እየተባልን ነው ያደግነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንግባ። ብዙ ሰው የሚወድቅበት እዚህ ነው።

በአማርኛ «ድምፅ» የሚለው ቃል ሥራ ይበዛበታል። የሰው ድምፅ ድምፅ ነው። የሽመና ማሽኑም ድምፅ አለው። ምርጫ ጣቢያ ሄደን የምንሰጠውም ድምፅ ነው። እንግሊዝኛ ለሦስቱም ለየብቻ ቃል አለው። ከሰው ጉሮሮ የሚወጣው ቮይስ ነው። ከየትም ከምንም የሚመጣው ሳውንድ ነው። የምርጫው ቮት ነው። «ማይ ሳውንድ ኢዝ ናይስ» ያልሽ እንደሆነ ፈታኙ ስለ ቴፕሽ የምታወሪ ይመስለዋል።

ሌላም አለ። እኛ ድምፅን የምንለካው በውፍረት ነው። ወፍራም እንላለን፣ ቀጭን እንላለን። እነሱ የሚለኩት በጥልቀትና በከፍታ ነው። ወፍራሙ ዲፕ ነው፣ ቀጭኑ ሃይ ነው። አማርኛውን እንዳለ ገልብጠሽ «ፋት ቮይስ» ብትይ ድምፅሽ ቦርጭ አወጣ ማለት ነው። «ቲክ ቮይስ» የሚባል አለ፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ሲቃ የያዘው ወይም መጠጥ የተጫነው ሰው ድምፅ ነው። አንቺ ዲፕ በይ። ስትዪው ግን «ዲ»ን ሳብ አድርጊው። ካሳጠርሽው መንከር የሚለው ቃል ይሆናል፤ ዳቦ በሻይ እንደሚነከረው። አማርኛ እንዲህ ያለ ረጅምና አጭር «ኢ» ስለሌለው ጆሯችን አይለየውም፤ የፈታኙ ጆሮ ግን ይለየዋል።

ሻካራ ድምፅ ሃስኪ ይባላል። ብዙዎች እንደ ማማር ነው የሚያዩት። ብርድ መቶሽ ሲሰልል ሆርስ ነው። አጠራሩ ከፈረስ ጋር አንድ ነው፤ አይዞሽ፣ ፈረስ ነኝ ያልሽ አይመስላቸውም። ድምፄ ተዘጋ ስንል እነሱ ጠፋኝ ነው የሚሉት፣ «አይ ሎስት ማይ ቮይስ»። ረጋ ብሎ፣ ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ሶፍት ስፖክን ነው። ከነዚህ ውስጥ ላንቺ የሚሆኑሽን ሁለት ሦስቱን ብቻ ውሰጂ። ሁሉንም ልትከምሪ ብትሞክሪ እንደ ሰኞ ገበያ ይሆናል።

አሁን የራሴን ጉድ ላውጣ። እኔም ከብዙ ዓመት በፊት ይህን ፈተና ተፈትኛለሁ። ስለ ድምፅ ተጠየቅኩ። በልበ ሙሉነት መለስኩ፤ ድምፄን እንደማልወደው፣ አባቴ ግን እንደሚወደው ተናገርኩ። ፈታኟ ፊቷ ንቅንቅ አላለም። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከዓመታት በኋላ ለተማሪዎች ብዬ ያንኑ መልስ በስልኬ ቀዳሁት። መልሼ ስሰማው «ቮይስ» የሚል የለም። «ቦይስ» ነው የምለው። እንግዲህ ፈታኟ የሰማችው ልጆቼን እንደማልወዳቸው፣ አባቴ ግን እንደሚወዳቸው ነው። ያኔ ላጤ ነበርኩ።

ስለዚህ «ቨ»ን እንዳታልፊያት። ፊደላችን እንኳ መጀመሪያ አልነበራትም፤ ለባዕድ ቃል ሲባል «በ» ላይ ኮፍያ ደፍቶ ነው ያበጃት። አፋችንም ኮፍያዋን ይረሳና «በ» ይላል። መስታወት ፊት ቁሚ። የላይኛውን ጥርስሽን የታችኛው ከንፈርሽ ላይ ሳታጠብቂ አሳርፊ። ከንፈርሽ እስኪነዝርሽ ድረስ ድምፅ አውጪ፣ ቭቭቭ። ከንፈርና ከንፈር ከተጋጠመ «በ» ሆነ፣ እንደገና። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። ስለ ድምፅ ስታወሪ ይህች ቃል አሥር ጊዜ ትመጣለች፤ አሥር ጊዜ ከምትሳሳቺ አንድ ሳምንት ከመስታወት ጋር ብትጣዪ ይሻላል።

ወደ «ኖ»ሽ ልመለስ። «ኖ» ስሕተት አይደለም። ድምፅህን ውደድ የሚል ሕግ የለም። ፈታኙም እውነት ይሁን ውሸት አያጣራም። የጎደለው «ምክንያቱም» ነው። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት፣ ይበቃል። ለምሳሌ ድሮ እጠላው ነበር ለማለት «አይ ዩዝድ ቱ ሄት ኢት» በይ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ንገሪው፤ ክፍል ውስጥ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ልጆች እንደነበሩ። ከዚያ ዛሬ እንዴት እንደሆነ። ይኸው፣ ድሮና ዘንድሮ ተነጻጸረ፣ ሁለት ዓይነት የጊዜ ግስ ተጠቀምሽ፣ ደግሞ የራስሽ ነው።

«ድምፅሽ ተለውጧል ወይ?» ቢልሽ ደግሞ ሰው ሁሉ ዘሎ ወደ ጉርምስና ነው የሚገባው። የወንዶቹ ድምፅ ይጎረንናል፣ የሴቶቹም በጥቂቱ ይወፍራል፣ እውነት ነው። አንቺ ግን ከዚያ የተሻለ አለሽ። ቀኑን ሙሉ ማሽን መሀል ነው የምትውዪው። ጮክ ካላልሽ የሚሰማሽ የለም። ማታ ቤትሽ ስትገቢ «ምን ያስጮህሻል» ተብለሽ ታውቂያለሽ? ከሆነ እሱን ተናገሪ። ፋብሪካ ከገባሁ ወዲህ ድምፄ ጨምሯል ስትዪ «ሃዝ ጎትን ላውደር» በይ። ነገሩ ድሮ ጀምሮ እስካሁን ስላላለቀ ግሱ ይህን መልክ ይይዛል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው።

የማን ድምፅ ይመስላል ቢሉሽ አንድ ወጥመድ አለ። ከእህቴ ይወፍራል ማለት በአማርኛ ያስኬዳል። በእንግሊዝኛ ግን ድምፅሽን ከእህትሽ ጋር አታነጻጽሪ፤ ከእህትሽ ድምፅ ጋር አነጻጽሪ። መጨረሻዋ ላይ ያለችዋን «ስ» እንዳትውጫት፣ «ማይ ሲስተርስ»።

ድምፅን ስለ መቅዳትም ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ላንቺ ምሥራች አለኝ። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ በሁለት መንገድ እንሰማዋለን። አንዱ በአየር ወጥቶ ወደ ጆሮ የሚመለሰው ነው። ሌላው እዚያው ውስጥ በራስ ቅል አጥንት በኩል የሚመጣው ነው። አጥንቱ ወፍራም ወፍራሙን በደንብ ያሳልፋል። ስለዚህ ለራሳችን ሁልጊዜ ከሆነው በላይ ወፈር ብለን ነው የምንሰማው። ቅጂው ላይ በአጥንት የሚመጣው የለም። ሰው ሁሉ ቅጂውን ሲሰማ «ይሄ እኔ ነኝ?» ብሎ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ሌላው ሰው ሲቀጥንበት ይከፋዋል። አንቺ ግን የፈራሽው ውፍረቱን ነው! እስኪ ቅጂሽን ስሚው። ከምታስቢው ቀጠን ብሎ ነው የምታገኚው። ካገኘሽው ደግሞ ለፈታኙ የሚነገር ጥሩ ወሬ ነው።

ወረቀቱንስ? የቡና ጀበና አሳርፊበት። ፈታኞች የተሸመደደ ነገር ሰምተው ጆሯቸው ደንድኗል። ሰው የሸመደደውን ሲያወርድ ዜማው ይቀየራል፣ ዓይኑ ወደ ጣሪያ ይሄዳል። ደግሞም በዚያ ጎርናና ድምፅ «እንደ ወፍ ዝማሬ ነኝ» ብትዪው ሰውዬው ምን ይበል? ሳቁን ቢውጥ እንኳ «ለምን እንዲህ አልሽ?» ሲል ወረቀቱ መልስ የለውም።

ወሎ ተቀምጦ ስለ ድምፅ የሚወራ አጣሁ ማለትም ያስተዛዝባል፣ እህቴ። ባቲና አምባሰል ቅኝት ከመሆናቸው በፊት አገር ናቸው፤ ባቲ ደግሞ ካንቺ ብዙም አትርቅም። ሁለተኛው ክፍል ላይ አንድ ደቂቃ ተዘጋጅተሽ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻሽን ትናገሪያለሽ። ድምፁ የሚማርክሽን ሰው ግለጪ የሚል ቢደርስሽ ማሪቱ ለገሰ አለችልሽ። መንዙማ የሚያወርዱ ሸህ ታውቂ ይሆናል። የመጀመሪያው አዛን አድራጊ ሐበሻው ቢላል እንደነበረ ብትነግሪውም ጥሩ ወሬ ነው። ታዲያ ፈታኙ መንዙማ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። እንዳትደነግጪ፤ እንዲያውም ይኼኔ ነው ነጥብ የሚገኘው። እየተቀባበሉ የሚያዜሙት፣ ድቤ የሚመታበት፣ ነቢዩን የሚያወድስ ዜማ ነው ብለሽ በቀላል ቃል አስረጂው። የማይታወቅ ነገርን በሚያውቁት ቃል ዞሮ ማስረዳት መቻል የቃላት ሀብት ነው። ከባድ ቃል መሸምደድ ብቻ አይደለም።

ለልምምዱ ቅዳሜሽ አለ። ኮምቦልቻ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ስትገቢ ስልክሽን ጆሮሽ ላይ ለጥፊና ደሴ እስክትደርሺ ራስሽን ጠይቂ፣ ራስሽ መልሺ። ሐረጎን ስትወጡ መኪናው ስለሚያጓራ የሚሰማሽም የለም። ተሳፋሪው ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር የምታወሪ ነው የሚመስለው። በድምፅሽ ምክንያት ዘመድሽ አንቺን «ወንድሜ» ካላለሽ በቀር ማንም አይጠረጥርም። ይቅርታ፣ አላስቻለኝም።

ፈተናው አዲስ አበባ ከሆነ ስለ መንገዱ አንድ ነገር ልበል። የንግግሩ ቀን ከሌሎቹ ሊለይ ይችላል፤ እስከ አንድ ሳምንት ቀደም ወይም ዘግየት ሊል ይችላል። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ቀኑን አረጋግጪ። ከመኪና ወርደሽ በቀጥታ አትግቢ። ሸዋ ሮቢት ላይ በላብ ተጠምቀሽ ጣርማ በር ላይ ብርድ ሲቀበልሽ ጉሮሮ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ከቻልሽ አንድ ቀን ቀድመሽ ድረሺ። ውኃ ጠጪ፣ ዝንጅብል በሻይም አይጠላም። ከነጭራሹ ሰልሎ ቢያድር ደግሞ ገና ስትገቢ ይቅርታ ጠይቂና ትንሽ ሆርስ ነኝ በይ። ፈረሷ እዚህ ትጠቅምሻለች።

ጥያቄው ካልተሰማሽም አስደግሚ። ነውር የለበትም። ፈታኙ መሀል ላይ ቢያቋርጥሽም አትከፊ፤ ሰዓቱ ስላለቀበት ነው።

በይ፣ ወደ ሹፌሩ። ድምፅሽን ትወጂዋለሽ ተብለሽ «ኖ» ስትዪ ያ ሰውዬ የት ሄዶ ነበር? ለኔ በአማርኛ የጻፍሽልኝ ጥቂት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ደወለ፣ ወንድሜ አለ፣ ወጣሁ፣ ቆምኩ፣ አለፈ፣ እንደገና አለፈ። አንድም ከባድ ቃል የለበትም። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ታውቂዋለሽ። ዛሬ ማታ በስልክሽ ቅጂው። ግን መጨረሻውን ሳትነግሪኝ ነው ደብዳቤውን የዘጋሽው። ጠራሽው ወይስ ዝም አልሽ? ስትጠሪው ምን አለ? ዕቃውንስ ለማን አስረከበ? ፈታኙም ቢሆን ይህን ሳይሰማ አይለቅሽም፤ እኔም እየጠበቅኩ ነው።